ጅብ ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል፦ የፍጥረታት የዝምድና ዛፍ አሠራር

ሽማግሌ ጋብቻ ሲያማክሩት መልክ አያይም፤ ዘር ይቆጥራል። ልጁና ልጅቱ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረው አንድ ቅድመ አያት ላይ ካልተገናኙ ባዳ ናቸው፤ ጋብቻው ይፈቀዳል። በአራተኛው ቤት ከተገናኙ ግን አንዱ ቀይ አንዷ ጠይም ብትሆን፣ አፍንጫቸው ባይመሳሰልም፣ ዘመድ ናቸው። ባዮሎጂስቶች ፍጥረታትን በዝግመተ ለውጥ ዝምድናቸው ሲመድቡ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የሚቆጠረው ዘመን በሚሊዮን ዓመታት መሆኑና የሚመሰክር ሽማግሌ አለመኖሩ ነው። ምስክሮቹ አጥንት፣ ጥርስ፣ ቆዳና ዲ ኤን ኤ ናቸው።

መመሪያው ለባዮሎጂ መምህራን፣ ለትምህርት ቤት ክበባትና ጉዳዩ ለሚስባቸው ሁሉ ነው። ምሳሌዎቹን ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ሰበታና ለገጣፎ ድረስ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ማንም ከሚያያቸው ወይም ከሚሰማቸው እንስሳት መርጠናል። የወረቀቱ ሥራ ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ የኮምፒውተሩ ሌላ አንድ ቀን ይፈልጋል።

ምን ያስፈልጋል?

ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ጥሩ ላጲስ (ብዙ ትሰርዛላችሁ)፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ፣ የላስቲክ ጓንት፣ 2 ሜትር ያህል ሲባጎና ጥቂት ቀጫጭን የሸንበቆ ቁራጮች። የራስ ቅል ካገኛችሁ ሥራው ይጣፍጣል። በየሜዳው ከሚወድቀው የውሻና የድመት አጥንት ግን ፀሐይ ያነጣውን ደረቁን ብቻ ውሰዱ። ሥጋ ያልለቀቀውን አትንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም። የሌሊት ወፍም፣ የሞተችውም ብትሆን፣ በባዶ እጅ አትያዝም። አጥንቱን በሞቀ ውሃና በኦሞ እጠቡት። በረኪና ያነጣል ብላችሁ እንዳትነክሩት፣ አጥንቱን ውስጥ ለውስጥ በልቶ ያፈራርሰዋል። የዱር እንስሳ ማጥመድ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። የጅብ ራስ ቅል ለማየት አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም መጠየቅ ይቻላል።

1. ቤተሰቡን ምረጡ፣ ባዳውንም ለዩ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 በላይ አትውሰዱ። የእኛ ዝርዝር ይህ ነው፦ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ዶሮ፣ አይጥ፣ የሌሊት ወፍ፣ ውሻ፣ ጅብ፣ ድመት። በእነዚህ ላይ አንድ ባዳ ይጨመራል፤ ከገበያ የሚገዛው ቆሮሶ ዓሣ ይሁን።

ባዳ ስንል ፈጽሞ ዘመድ ያልሆነ ማለታችን አይደለም። የሌሎቹ ሁሉ የጋራ አያት ሳይወለድ በፊት የተለየ ቅርንጫፍ ማለታችን ነው። ሥራው አንድ ነው፦ የትኛው ባሕርይ አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ያሳያል። ቆሮሶ የጀርባ አጥንት አለው፤ ስለዚህ የጀርባ አጥንት በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አሮጌ ውርስ ነው፣ ማንን ከማን እንደማያቀርብም በዚህ ይታወቃል። ባዳው በጣም ሩቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ንብ ብትወስዱ፣ የሚነጻጸር አካል ይጠፋል። በጣም ቅርብ ከሆነ ደግሞ ራሱ ከቤተሰቡ ውስጥ ሆኖ ዛፉን ይገለብጠዋል።

2. ባሕርያትን ሰብስቡ

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሂዱ። ዝምድና የሚያስቆጥረው የጋራ የሆነና አዲስ የተገኘ ባሕርይ ብቻ ነው። ይህን ሥርዓት አስይዞ ያስቀመጠው ቪሊ ሄኒግ የተባለው ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ በ1950 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው፣ ከስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከካርል ሊኔየስ ዘመን የወረደው አመዳደብ፣ በአብዛኛው መመሳሰልን ይለካ ነበር።

ለምሳሌ ጥፍርን ውሰዱ። ውሻና ጅብ ጥፍራቸውን ወደ ውስጥ አይሸሽጉም፣ ድመት ትሸሽጋለች። «እንግዲያው ውሻና ጅብ ዘመድ ናቸው» ለማለት ይቸኮላል። ነገር ግን አይጥም አትሸሽግም፣ እንሽላሊትም አትሸሽግም። አለመሸሸግ የድሮው ነገር ነው። አዲሱ መሸሸግ ሲሆን በእኛ ዝርዝር ያለው በድመት ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ባሕርይ ስለ ውሻና ጅብ ዝምድና ምንም አይናገርም። ሁለት ሰዎች መኪና ስለሌላቸው ወንድማማች አይባሉም።

ከዚያ ክንፍ አለ። ለበዓል ዶሮ ሲበለት የክንፉን ብልት አትጣሉት፤ ቀቅላችሁ ሥጋውን ካነሳችሁ በኋላ አጥንቱን ወረቀት ላይ ዘርጉት። ከትከሻ አንድ ወፍራም አጥንት፣ ቀጥሎ ሁለት ጎን ለጎን፣ ከዚያ የእጅ አንጓ፣ መጨረሻ ላይ የተጣበቁ የሦስት ጣቶች ቅሪት ታያላችሁ። ይህ የእናንተም ክንድ አቀማመጥ ነው፣ የውሻም የፊት እግር። የሌሊት ወፍ ክንፍም አንድ፣ ሁለት፣ አንጓ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ግን አራት ጣቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ረዝመው በመካከላቸው ቆዳ ተወጥሯል። ዶሮ የምትበረው በላባ ነው፣ የሌሊት ወፍ በጣት መካከል ቆዳ። እንደ ክንድ ሁለቱም ከአንድ አያት ወርሰውታል፤ እንደ ክንፍ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አበጅተውታል። ስም አያታልላችሁ፦ የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም።

ለዚህ ሥራ 10 ባሕርያት መርጠናል፦

አንደኛ፣ ጣት ያለው እግር። ሁለተኛ፣ ፅንሱን የሚያቅፈው ሽርትና የሽርት ውሃው፤ በዶሮ እንቁላልም በድመት ማኅፀንም አለ፣ በእንቁራሪት ዝልግልግ እንቁላል ግን የለም። ሦስተኛ፣ ነጭ ኩስ፤ ዶሮም እንሽላሊትም ሽንታቸውን እንደ ኖራ አድርቀው ከኩሳቸው ጋር ይጥላሉ። የግድግዳ እንሽላሊት ያለችበት ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር ብታዩ ጫፉ የነጣ ጥቁር ቅንጣት ታገኛላችሁ። አራተኛ ላባ፣ አምስተኛ ፀጉር፣ ስድስተኛ ጡት፣ ሰባተኛ ክንፍ።

ስምንተኛው ሥጋ ቆራጭ ጥርስ ነው፦ የላይኛው አራተኛ ቅድመ መንጋጋና የታችኛው አንደኛ መንጋጋ እንደ መቀስ የሚተላለፉበት። ለማየት የውሻ አፍ መክፈት አያስፈልግም። አጥንት ወርውሩለት፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ በጎን ጥርሱ ሲይዘው ያንን መቀስ እየተጠቀመ ነው።

ዘጠነኛው የጆሮ ጓዳ ነው። የራስ ቅሉን ገልብጡት፤ ከጆሮ ቀዳዳው ሥር እንደ ባቄላ ያበጠ ስስ አጥንት አለ። የተሰበረ የድመት ራስ ቅል ካገኛችሁ ወደ ውስጥ በማጉያ ተመልከቱ፦ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የአጥንት ግድግዳ ጓዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። የጅብም ለሁለት የተከፈለ ነው። የውሻው ዝቅ ያለ ጠርዝ ቢኖረው እንጂ አንድ ክፍት ክፍል ነው። አሥረኛው የሚሸሸገው ጥፍር ነው።

አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሩ። «ፀጉር»፣ «ጢም»፣ «ቅንድብ» ብሎ ሦስት ማድረግ አንድን ምስክር ሦስት ጊዜ እንደ ማስማል ነው።

3. ሰንጠረዡን ሙሉ

ያለው 1፣ የሌለው 0 ይጻፍለታል። ያላያችሁትንና ማረጋገጥ ያልቻላችሁትን «?» አድርጉት፤ በግምት የተሞላ 0 ኋላ ያስለቅሳል። ከላይ በተዘረዘሩት ቅደም ተከተል ሲሞላ እንዲህ ይሆናል፦

ቆሮሶ 0 0 0 0 0 0 0 0 0 0
እንቁራሪት 1 0 0 0 0 0 0 0 0 0
እንሽላሊት 1 1 1 0 0 0 0 0 0 0
ዶሮ 1 1 1 1 0 0 1 0 0 0
አይጥ 1 1 0 0 1 1 0 0 0 0
የሌሊት ወፍ 1 1 0 0 1 1 1 0 0 0
ውሻ 1 1 0 0 1 1 0 1 0 0
ጅብ 1 1 0 0 1 1 0 1 1 0
ድመት 1 1 0 0 1 1 0 1 1 1

እባብ ለመጨመር የሚያስብ ይኖራል። እግር የላትም፣ ስለዚህ አንደኛው ላይ 0 ታገኛለች፤ ግን አያቶቿ እግር ነበራቸውና ጠፍቶባት ነው። ያልነበረውና የጠፋው በሰንጠረዥ ላይ አንድ መልክ አላቸው። የሚለያቸው የቀሩት ባሕርያት ድምር ነው።

4. ዛፉን ሳሉ

ብዙ ፍጥረት ከሚጋራው ባሕርይ ጀምራችሁ ወደ ጥቂቱ ውረዱ። ጣት ያለው እግር ቆሮሶን ብቻ ውጭ ያስቀራል። ሽርት እንቁራሪትን ያስቀራል። ከዚያ ሁለት ይከፈላል፦ ነጭ ኩስ ያላቸው እንሽላሊትና ዶሮ በአንድ ወገን፣ ፀጉርና ጡት ያላቸው በሌላ። ከባለ ጡቶቹ ሥጋ ቆራጭ ጥርስ ያላቸው ሦስቱ ይለያሉ፤ ከሦስቱ ደግሞ ጅብና ድመት በጆሮ ጓዳቸው ይጣመራሉ። ኮምፒውተር በሚያነበው አጻጻፍ፦

(ቆሮሶ,(እንቁራሪት,((እንሽላሊት,ዶሮ),(አይጥ,የሌሊት_ወፍ,(ውሻ,(ጅብ,ድመት))))));

አንድ ቅንፍ አንድ የጋራ አያት ነው። አይጥ፣ የሌሊት ወፍና ባለ ሥጋ ቆራጮቹ ከአንድ ነጥብ ሦስት ሆነው መውጣታቸውን ልብ በሉ። ሰንጠረዣችን ሊለያቸው አልቻለም፤ ባልተለየበት ቦታ ሦስት ቅርንጫፍ መተው እንጂ ለማማር ብሎ ሁለት ማድረግ አይገባም።

ላባና የሚሸሸግ ጥፍር ለአንድ እንስሳ ብቻ ስለሆኑ ዛፉን አልረዱትም። ጥፋት የለም፣ ይቀመጡ።

5. ዋጋውን ቁጠሩ

እያንዳንዱ ባሕርይ በዛፉ ላይ ስንት ጊዜ መፈጠር ወይም መጥፋት እንዳለበት ቁጠሩና ደምሩ። በእኛ ዛፍ ዘጠኙ ባሕርያት አንድ አንድ ጊዜ፣ ክንፍ ሁለት ጊዜ ተፈጥሯል፦ ድምሩ 11። አሁን በጉልበት የሌሊት ወፍን ከዶሮ ጋር አጣምሩና ቁጠሩ። ክንፍ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ፀጉር፣ ጡትና ነጭ ኩስ ግን ሁለት ሁለት ይሆናሉ፦ 13። ርካሹ ዛፍ ያሸንፋል። ውሻና ጅብን ብታጣምሩ 12 ይመጣል። በ1 ብቻ መብለጥ ቀጭን ማስረጃ መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ለዚህ ነው ቁጥር 7 የተጻፈው።

አንድ ያልታሰበበት ባሕርይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት «ሙቅ ደም» የሚል አሥራ አንደኛ ዓምድ ጨምሩ። ዶሮና ባለ ጡቶቹ 1 ያገኛሉ። የእኛ ዛፍ ወደ 13 ይወጣል፤ ዶሮን ከባለ ጡቶች ጎን የሚያስቀምጠው ዛፍም 13 ይሆናል። እኩል! እዚህ ላይ ሳንቲም አይወረወርም፣ ሌላ ምስክር ይጠራል። የዶሮን እግር ቅርፊት ተመልከቱ፤ እርሱም የእንሽላሊትም ቅርፊት ቤታ ኬራቲን በሚባል ፕሮቲን የጠነከረ ነው፣ በባለ ጡቶች ዘንድ የለም። ሲጨመር 14 ለ15 ይሆንና የእኛው ያልፋል። የዶሮና የእኛ ሙቀት ለየብቻ የመጣ ነው።

ሁሉንም ዛፍ በእጅ መሞከር አይታሰብም። ባዳው ተለይቶ ለቀሩት 8 እንስሳት ብቻ ሁለት ሁለት እየተከፈሉ የሚሳሉ 135,135 ዛፎች አሉ፤ ለ10 ደግሞ 34,459,425።

6. ዛፉን ማንበብ፣ ቤቱን መሰየም

ሲባጎና ሸንበቆው አሁን ይውጣ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሸንበቆ ቁራጭ፣ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በሲባጎ አድርጋችሁ ዛፉን ከጣሪያ ላይ አንጠልጥሉት። ነፋስ ሲያዞረው የእንስሳቱ ተርታ ይለዋወጣል፣ ዝምድናው ግን አይነካም። ድመት ጫፍ ላይ መጻፏ «የበለጸገች» አያሰኛትም፤ እንቁራሪትም አያታችን አይደለችም። የአክስት ልጅ አያት አይሆንም። እንቁራሪት ከእኛ የጋራ አያት ጀምሮ እኩል ዘመን ስትለወጥ ኖራለች።

ስም ስትሰጡ ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ አያትና ልጆቹ ሁሉ፣ ማንም ሳይቀር። እንዲህ ያለው ሙሉ ቤት ክላድ ይባላል። በመቀስ ቅርንጫፉን አንድ ቦታ ላይ ብትቆርጡ አብሮ የሚወድቀው ሁሉ ክላድ ነው። ሁለት ቦታ መቁረጥ ካስፈለጋችሁ አይደለም። በዚህ ሚዛን «ተሳቢ እንስሳት» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ምድብ ይወድቃል። አዞን ብትጨምሩ ከእንሽላሊት ጋር ሳይሆን ከዶሮ ጋር ይገጥማል፤ በሕይወት ካሉት ሁሉ የወፎች የቅርብ ዘመድ አዞ ነውና። ወፎችን ውጭ አስቀርቶ አዞና እንሽላሊትን በአንድ ስም መጥራት የበኩር ልጅን ከዘር ቆጠራ እንደ መሰረዝ ነው።

7. ዲ ኤን ኤውን ጠይቁ

ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ጄንባንክ የሚባለው የሕዝብ ቋት የሺህ ሺህ ፍጥረታትን የዲ ኤን ኤ ፊደላት ቅደም ተከተል በነፃ ይሰጣል፤ በላቲን ሆሄያት የተጻፈውን ሳይንሳዊ ስም መጠቀም ብቻ ነው። ለጀማሪ ሳይቶክሮም ቢ የሚባለው የሚቶኮንድሪያ (የራሱ ዲ ኤን ኤ ያለው የህዋስ ኃይል ማመንጫ) ጂን ይመቻል፣ ርዝመቱ 1,140 ፊደል ያህል ነው። የአምስቱን ባለ ጡቶች አውርዱ፤ ዶሮ ባዳ ትሁን። ሜጋ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና ፋይሉን አስገቡ። መጀመሪያ ቅደም ተከተሎቹን አሰልፉ፤ በትክክል ካልተሰለፉ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። የተንጠለጠሉትን ጫፎች ቁረጡ። ከዚያ የሚስማማውን የለውጥ ሞዴል ፕሮግራሙ ራሱ እንዲመርጥ አድርጋችሁ የማክሲመም ላይክሊሁድ ዛፍ፣ ማለትም ያገኛችሁትን ቅደም ተከተል ከሁሉ ይበልጥ ሊያስገኝ የሚችለውን ዛፍ፣ እዘዙ፤ ቡትስትራፕ (ከመረጃው በዕጣ እየተወሰደ ዛፉ ተደጋግሞ የሚፈተንበት ዘዴ) 1,000 ጊዜ ይሁን።

ፕሮቲን ሆኖ ሲነበብ መሀል ላይ የማቆሚያ ምልክት ከታየ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። ወይ የአከርካሪ እንስሳት የሚቶኮንድሪያ ኮድ የሚለውን አልመረጣችሁም፣ ወይ የወረደው ወደ ዋናው ጂኖም የተቀዳና የሞተ ቅጂ ነው። በየመጋጠሚያው የሚጻፈው የቡትስትራፕ ቁጥር ከመቶ 70 በታች ከሆነ በዚያ መጋጠሚያ አትከራከሩበት። በዚህ አጭር ጂን የአይጥና የሌሊት ወፍ ጉዳይ ላይጠራ ይችላል፤ ፈጥኖ የሚለወጥ ጂን ሩቅ ዘመንን ሲጠየቅ ጽሑፉ በላዩ ላይ እንደተጻፈበት ብራና ይሆናል። በርካታ የኒውክለስ ጂኖችን አንድ ላይ የመረመሩ ጥናቶች ግን መልሰውታል፦ የሌሊት ወፍ ከአይጥ ይልቅ ለጅብና ለላም ትቀርባለች። አይጥ ደግሞ ለእኛ።

ጅብና ድመትንም ዲ ኤን ኤው አጽንቶላቸዋል። ጥርኝም ፋሮም ከእነርሱ ወገን ናቸው፤ ከውሻ ወገን የተለዩት ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። በየገደሉ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮም አይጥ ይመስላል እንጂ የቅርብ ዘመዱ ዝሆን ነው።

8. በዕፅዋት ድገሙት

ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን፣ ወይም የማንኛውንም ግቢ አጥር መጠቀም ይቻላል። በመጀመሪያ ቁልቋልን ከበለስ ጋር አነጻጽሩ። ሁለቱም እሾሃም፣ ሁለቱም ቅጠል አልባና ወፍራም ግንድ ናቸው፤ ብዙ ሰው በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በቢላዋ ጫር አድርጉ፦ ቁልቋል ነጭ ወተት ያፈስሳል፣ በለስ ውሃ ብቻ ነው። በለስ ከአሜሪካ የመጣ ካክተስ ሲሆን ቁልቋል የጉሎ ቤተሰብ ነው፤ ድርቅ መልካቸውን አመሳሰለው። ወተቱ ዓይን ያሳውራልና ጓንት አድርጉ፣ ቢላዋውን ወዲያው እጠቡ፣ ልጆች ፊታቸውን እንዳይነኩ ተቆጣጠሩ።

ከዚያ እህል አምጡ፦ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ገብስ። ሁሉም ሣር ናቸው። ተማሪዎች ጤፍን ከስንዴ ጋር ያስቀምጣሉ፤ በአንድ ደጋ ማሳ ላይ ስለሚበቅሉ ይሆናል። ትክክለኛው ዛፍ ((ጤፍ,ዳጉሳ),(በቆሎ,ማሽላ)) በአንድ ወገን፣ (ስንዴ,ገብስ) በሌላው ወገን ነው። ለባዳነት ሙዝ ወይም እንሰት ይሆናል። ለዲ ኤን ኤው ማት ኬ የተባለውን የክሎሮፕላስት (በዕፅዋት ህዋስ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ክፍል) ጂን ውሰዱ፤ አር ቢ ሲ ኤል የተባለው በሣሮች መካከል ልዩነቱ ስለሚያንስ የቡትስትራፕ ቁጥሩን ዝቅ ያደርግባችኋል።